የከድር ሱሪ

ያ ዓመት የጠባብ ሱሪ ዓመት ነበረ።
ማን እንደጀመረው እንጃ፤ ብቻ ተጀመረ።
ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ አርባ ሦስት፣ ደረጃው ሥር፣
የጋሽ ላቀው መኪና ከጠዋት እስከ ማታ ስታንጎራጉር፣
ግራጫ ዩኒፎርም ታቅፈን፣ ተራ ይዘን፣
«ጋሼ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት! ይጥበብልን» እያልን፣
እግራችን እስኪደነዝዝ፣ መቀመጥ እስኪያቅተን፣
አራት ጣት ጨርቅ በሠላሳ ብር አስቆረጥን።

«ይሄ ሱሪ ነው ካልሲ?» ብላ ሳቀች እናቴ።
ምን ልበላት? አልታጠፍ ብሎኛል ጉልበቴ።

ከድር ብቻ ቀረ።
የሱ ሱሪ የወንድሙ፣ ለወንድሙም ከሌላ ሰው የተሻገረ፣
ወገቡ በገመድ የታሰረ፣ እግሩ ጭቃ የሚጎትት፣
የሰፈራችን ነፋስ ገብቶ የሚያድርበት።
«ድንኳን» አልነው።
«ድንኳኑ መጣ፣ ለቅሶው የት ነው?»
መጀመሪያ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላው ተቀበለው።
እሱም ይስቅ ነበር፤ ከኛ ቀድሞ ይስቃል።
ቀድሞ የሳቀ ሰው ያመለጠ ይመስለዋል።

ኅዳር ላይ ዩኒት ሊደሩ፣ መምህር ታፈረ፣
ባዶ ሃይላንድ ይዞ በር ላይ ተገተረ።
ሃይላንዱ በሱሪው እግር ገብቶ ጉልበት ካልደረሰ፣
ባለሱሪው ከነቦርሳው ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ያን ለት ደግሞ ግጥሚያ ነበረን፣ ከቂሊንጦዎች ጋር።
በሜዳችን። በኛው ሰፈር።
በግራ ጉንጫችን ቢጫ፣ በቀኙ አረንጓዴ ቀለም፤
ጉሮሯችን ተስሎ ነበር፤ ግን መግቢያ የለም።

አጥሩን ዞረን፣ ሽንት ቤቱ ጀርባ፣ ቆርቆሮው በተቀደደበት፣
ክንድ ብቻ በሚያሳልፍ ክፍተት፣
ከውስጥ አንድ እጅ ወጣ፤ የከድር እጅ ነው።
ሱሪውን ይዟል። ገመዱንም አልፈታው።
«አንድ አንድ እያላችሁ ልበሱ፣ ግቡና መልሱልኝ።
ቶሎ በሉ ብቻ፣ በቁምጣ ነኝ፣ በረደኝ።»

ሰባት ልጅ በአንድ ሱሪ ገባ።
መምህር ታፈረ ሰባቴ ሃይላንድ አስገባ፣
ሰባቴ «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው ተማሪ!» አለ።
ያ ሱሪ ያን ቀን የአስራ አንደኛ ዲ ባንዲራ ነበረ፤
ከሰንደቅ ያልተሰቀለ።

የመጨረሻው እኔ ነበርኩ።
ከበሮው ሲመታ ሰማሁ፤ መመለስ ነበረብኝ፣ ሮጥኩ።
ወደ ሜዳው።
አንድ ደቂቃ ብዬ ነው።
በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጉልበቴ ታጠፈ፤
ዘለልኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፤ እግሬ እንደ ወፍ ከነፈ።
ማንም እንደኔ አልጮኸም። ጎል ስናገባ አለቀስኩ።
«አንድ ነን! አንድ ነን!» እያልኩ።

ከድር ጎሉን በቆርቆሮው ሰማው።
ዘበኛው በቁምጣ አገኘውና፣ በጆሮው እየጎተተ አስወጣው።

ሰኞ መጣ። ሱሪው ጠቧል፤ እንደኛ፣
ደረጃውን ሲወጣ፣ እግሩን የሚጎትት፣ እንደ በሽተኛ።
ሠላሳ ብሩን ከየት እንዳመጣ አልጠየቅነውም።
«አሁን ሰው ሆንክ!» አለው አንዱ።
ሳቅን። እሱ ግን ቀድሞ አልሳቀም።

ፋሲካ አልፎ ስንመለስ፣ ማን እንደጀመረው እንጃ፣
ሰፊ ሱሪ መጣ። ወረድን ወደዚያው ደረጃ።
«ጋሼ፣ ይስፋልን!»
ጋሽ ላቀው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየን።
«ጨርቅ ፀጉር መሰላችሁ፣ ቢቆረጥ የሚበቅል?»
አለና፣ አንድ ጆንያ በእግሩ ገፋልን፤ ቁርጥራጭ የሞላው፣ ገና ያልተጣለ።
ግራጫ በግራጫ ላይ። የማን የማን እንደሆነ አይለይም።
ሁላችን እጃችንን ከተትን፤ ምን እንደምንፈልግ ባናውቅም።

አንዱን ግን ለየሁት።
ጫፉ በጭቃ የነተበ፣ ከሌላው ሁሉ የሚረዝም። ኪሴ ከተትኩት።
ከድር ከኋላዬ ተራ ይዞ ነበር።
ዞር ብዬ አላየሁት።